የአርብ አዳዲስ ሙዚቃዎችና የሰባት ሰከንዱ ድራመር

አርብ በመጣ ቁጥር የዲጄዎች ጆሮ ሥራ ይበዛበታል። የሙዚቃ አሳታሚዎች አዳዲስ ሥራ የሚለቁት በአብዛኛው አርብ ነው። ቅዳሜ ማታ መድረክ ያለው ዲጄ ደግሞ ከዚያ በፊት መስማት፣ መምረጥ፣ መግዛትና መሞከር አለበት። ፋንክ፣ ብሬክቢት፣ ድራም ኤንድ ቤዝ እያለ የአዳዲሶቹን ዝርዝር ወደ ታች ይስባል፤ እያንዳንዱን ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ሰምቶ ያልፋል። ከመቶው ውስጥ አምስት ስድስት ከተረፉለት ጥሩ ሳምንት ነው።

ስሞቹ እንግዳ ሊመስሏችሁ ይችላሉ እንጂ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ቲክቶክ ላይ የከረመ ሰው የእንግሊዟን ፒንክፓንተረስን አይስታትም። በቀጭን ድምፅ በቀስታ ስትዘፍን ከጀርባዋ እየተንደረደረ የሚሄደው ፈጣን ከበሮ፣ እሱ ነው ድራም ኤንድ ቤዝ። በ2023 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዷቸው) ኬንያ ግሬስ «ስትሬንጀርስ» በሚል ዘፈን የእንግሊዝን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆና መርታለች፤ እሱም ድራም ኤንድ ቤዝ ነው። ኒያ አርካይቭስ ደግሞ የሠላሳ ዓመቱን የጀንግል ሙዚቃ ከመጋዘን አውጥታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ በ2022 የሞቦ ሽልማት ወስዳበታለች።

«አዲስ» የሚለው ቃል ግን እዚህ ሰፈር ትንሽ ያሳስታል። የፒንክፓንተረስን «ብሬክ ኢት ኦፍ» ውሰዱ፤ የ2021 ዘፈን ነው። ከሥሩ ያለው ሙዚቃ የተወሰደው አዳም ኤፍ የሚባል እንግሊዛዊ በ1995 ከሠራው «ሰርክልስ» ነው። አዳም ኤፍ በበኩሉ ከአሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ከቦብ ጄምስ የ1976 ሥራ ወስዷል። ልጅቷ ስትወለድ ሁለቱም ነበሩ። በዚህ ሙዚቃ ወደ ኋላ እየቆፈራችሁ ከሄዳችሁ፣ ከሌላው ሁሉ በላይ ደጋግማችሁ የምትደርሱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ 1969፣ አትላንታ፣ አንድ ድራመር፣ ሰባት ሰከንድ።

ሰውየው ግሪጎሪ ኮልማን ይባላል። ዊንስተንስ የሚባል የዋሽንግተን ዲሲ ባንድ ውስጥ ነበር የሚጫወተው። ባንዱ በ1969 «ከለር ሂም ፋዘር» የሚል ሸክላ አወጣ፤ ዘፈኑ ተወደደ፣ ለደራሲው ለባንዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰርም የግራሚ ሽልማት አመጣ። ሸክላ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፊት ላይ ተወዳጁ ዘፈን ካለ ጀርባው ባዶ እንዳይሆን አንድ ነገር መቀዳት አለበት። ለጀርባው የሚሆን ነገር አልነበራቸውም፤ የቆየ የመንፈሳዊ መዝሙር ዜማ ይዘው ያለ ዘፋኝ ተጫወቱና «አሜን፣ ብራዘር» አሉት። ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው።

አንድ ደቂቃ ከሃያ ስድስት ሰከንድ ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ይላል። ኮልማን ብቻውን አራት ባር ይጫወታል። በመጨረሻው ላይ አንዱን ምት ትንሽ ያዘገየዋል፤ የሚደናቀፍ መስሎ ሳይወድቅ ይነሳል። ከዚያ ባንዱ ይመለሳል። በቃ። ሰባት ሰከንድ ገደማ ነው። ማንም ልብ አላለውም።

ዊንስተንስ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ የሚጫወቱበት ባንድ ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ እንዲህ ላለ ባንድ ሥራ ማግኘት ከባድ ስለነበር በዓመቱ ተበተኑ።

እንዲህ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ድራሙ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ሙዚቀኞች ብሬክ ይሉታል። ብሬክን ሰብሮ ለዳንስ ያወጣው ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ የነበረ ጃማይካ የተወለደ ልጅ ነው፤ ኩል ሄርክ። ነሐሴ 1973፣ ሴጅዊክ አቬኑ ቁጥር 1520 በሚገኝ አፓርታማ፣ እህቱ የትምህርት ቤት መክፈቻ ፓርቲ አዘጋጀች፤ እሱ ሙዚቃ አጫወተ። ጨፋሪዎቹ የሚያብዱት ዘፈኑ ሲዘፈን ሳይሆን ድራሙ ብቻውን ሲቀር እንደሆነ አይቷል። ስለዚህ የአንድ ዘፈን ሁለት ሸክላ ገዝቶ፣ አንደኛው ላይ ብሬኩ ሲያልቅ በሁለተኛው ላይ ከመጀመሪያው ያስነሳዋል። አሥር ሰከንድ የነበረው አምስት ደቂቃ ሆነ። ሂፕሆፕም የተወለደው ከዚህ ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን የበለጠ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያች ማታ ዘፋኙ ወደ ኋላ ሄዶ ድራመሩ ወደ ፊት መጣ፣ ስሙ ግን አብሮት አልመጣም።

ኒውዮርክ ውስጥ ዲጄዎች የሚፈልጓቸውን ብሬኮች የያዙ አሮጌ ሸክላዎች እየጠፉና እየተወደዱ ሲሄዱ፣ በ1986 አካባቢ ሁለት ሰዎች «አልቲሜት ብሬክስ ኤንድ ቢትስ» የሚል ተከታታይ አልበም ማውጣት ጀመሩ። ለዲጄ ብቻ የታሰበ ነገር ነበር፤ ጥሩ ብሬክ ያላቸውን የድሮ ዘፈኖች በአንድ ሸክላ ሰብስቦ መሸጥ። «አሜን፣ ብራዘር»ም እዚያ ውስጥ ገባ። ከዚያ ማን ይያዘው! ኤን ደብሊው ኤ በ1988 «ስትሬይት አውታ ኮምፕተን» ላይ ተጠቀሙበት። ማንትሮኒክስ ተጠቀመበት። ሸክላው ውቅያኖስ ተሻግሮ ለንደን ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ።

ለንደን ውስጥ ሄቨን የሚባል ክለብ ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያና በ90ዎቹ መጀመሪያ ሐሙስ ሐሙስ ፋቢዮና ግሩቭራይደር የሚባሉ ሁለት ዲጄዎች «ሬጅ» በተባለ ምሽት ያጫውቱ ነበር። ከአሜሪካ የመጣውን ብሬክ ከቤልጅየምና ከዲትሮይት ከመጣው ቴክኖ ጋር እየቀላቀሉ፣ ፍጥነቱን እየጨመሩ ሄዱ። ዲጄ በሚጠይቀው ልክ ፕሮዲውሰሩም ይሠራል። አካይ የሚባለውን የጃፓን ሳምፕለር የገዙ ልጆች መኝታ ቤታቸው ተቀምጠው የኮልማንን ድራም እየቀዱ፣ እየቆራረጡ፣ እያንዳንዱን ምት እንደ ፊደል ለብቻ አውጥተው መልሰው ሌላ ቃል ይጽፉበት ጀመር።

ሒሳቡን ማየት ጥሩ ነው። የኮልማን ድራም ኦሪጅናሉ በደቂቃ 137 ምት አካባቢ ነው። የዛሬ ድራም ኤንድ ቤዝ 174 ላይ ተረጋግቷል። ስለዚህ ሰባቱ ሰከንድ ወደ አምስት ተኩል ይወርዳል፤ ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይቀጥናል፣ ያ ሻካራው ስኔር እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ይሆናል። ከሥሩ ግን ከጃማይካ ሳውንድ ሲስተም የመጣው ከባድ ቤዝ በግማሽ ፍጥነት፣ በ87፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰሙ አንዱ እንደሚሮጥ፣ ሌላው እንደሚንሸራሸር ነው። መጨፈር የሚፈልግ ሰው የፈለገውን መርጦ ይከተላል፤ የደከመው ቤዙን፣ ያልደከመው ድራሙን።

ይሄን ሙዚቃ የሠሩት በብዛት ወላጆቻቸው ከካሪቢያን የመጡ የለንደንና የብሪስቶል ልጆች ናቸው። ለዚህም ነው የጀንግል ሸክላዎች ልባስ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብታዩ መደንገጥ የሌለባችሁ፤ ኮንጎ ናቲን የመሳሰሉት ራስተፈሪያን ናቸው። ጎልዲ በ1995 «ታይምለስ»ን ሲያወጣ የመክፈቻ ሥራው ብቻ 21 ደቂቃ ነበር። የብሪስቶሉ ሮኒ ሳይዝና ቡድኑ ደግሞ በ1997 ራዲዮሄድን የመሰለ ተፎካካሪ አልፈው የሜርኩሪን ሽልማት ወሰዱ። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ማሽን ብቻ ይዘው አልወጡም፤ ክላይቭ ዲመር የሚባል እውነተኛ ድራመር በእጁ ያንን ፍጥነት ይጫወት ነበር። እጅ ወደ ማሽን፣ ማሽን እንደገና ወደ እጅ።

ያኔ «አዲስ ሥራ» ለዲጄ ምን ነበር? ደብፕሌት። ፕሮዲውሰሩ ሥራውን ዛሬ ከጨረሰ ለንደን ውስጥ ሚውዚክ ሃውስ ወደሚባል ቤት ይወስደዋል፤ እዚያ አሉሚኒየም ላይ የተለበጠ ለስላሳ ሸክላ ላይ አንድ ኮፒ ይቀረጽለታል። ውድ ነው፤ ደግሞም ጥቂት አሥር ጊዜ ከተጫወተ ድምፁ መበላሸት ይጀምራል። ግን ያንን ዘፈን በዚያ ሳምንት በዓለም ላይ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሕዝቡ የሚመጣው ሌላ ቦታ የማይሰማውን ለመስማት ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ማንም ሰው ማንኛውንም ነገር አርብ ጠዋት በስልኩ ያገኛል። ታዲያ ለዲጄ የሚሠራ ሙዚቃ ለስልክ ከሚሠራው በምን ይለያል? ብዙ ወጣቶች ይሄን ሳያውቁ ነው ማጫወት የሚጀምሩት፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

አንደኛ፣ መግቢያው። ስልካችሁ ላይ የምትሰሙት የስትሪሚንግ ቅጂ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው፤ ዘፋኙ በአምስተኛው ሰከንድ ካልጀመረ ሰው ስለሚያልፈው። ለዲጄ የሚወጣው «ኤክስቴንድድ ሚክስ» ግን በ32 ባር ድራም ይጀምራል፤ በ174 ፍጥነት ይሄ 44 ሰከንድ ነው። ለብቻው ስትሰሙት ይሰለቻል። አሰልቺነቱ ግን ሥራ አለው፤ ያንን 44 ሰከንድ ነው ዲጄው ከቀዳሚው ዘፈን ሥር አስገብቶ የሚያገጣጥመው። መውጫውም እንደዚያው ነው። ሙዚቃው የሚቀያየረው ሁልጊዜ በ16 ወይም በ32 ባር ስለሆነ፣ የለመደ ዲጄ ዘፈኑን ባያውቀው እንኳ ድሮፑ መቼ እንደሚመጣ በጣቱ ቆጥሮ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ቤዙ። ድራም ኤንድ ቤዝን በስልክ ስፒከር ሰምቶ «ጫጫታ ብቻ ነው» ለሚል ሰው አልፈርድበትም። ቤዙ የሚኖረው ከ40 እስከ 60 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ያቺ ትንሽ ስፒከር ያንን ጨርሶ ማውጣት አትችልም። ግማሹን ሙዚቃ አልሰማችሁም ማለት ነው። ቢያንስ ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና ድጋሚ ፍረዱ።

ሦስተኛው ፋይሉ ነው። ከዩቲዩብ የተወረደ ዘፈን ላይ «320» የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈበት 320 አይሆንም። መጀመሪያ ሲጨመቅ የጠፋው የላይኛው ድምፅ፣ የሲምባሉ ጥራት፣ ተመልሶ አይመጣም። በስልክ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል። ትልቅ ስፒከር ላይ ግን ከእውነተኛ ፋይል ቀጥሎ ስታስገቡት ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስላል፤ የሚጨፍረው ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ጉልበቱ ይቀንሳል። ዲጄዎች ቢትፖርትና ባንድካምፕ ላይ ለአንድ ዘፈን ከዶላር በላይ የሚከፍሉት ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ በዶላር ካርድ መክፈል ራሱ ሌላ ጣጣ እንደሆነ ይገባኛል። ባንድካምፕ ላይ ግን «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» ብለው ጥራት ያለውን ፋይል የሚለቁ አርቲስቶች ሞልተዋል፤ ከቴሌግራም ቻናል በፊት እዚያ መፈለጉ አይከፋም።

እዚህ ላይ የክፍያ ነገር ከተነሳ ወደ ኮልማን እንመለስ።

«አሜን፣ ብራዘር»ን ሳምፕል ያደረጉ ሥራዎች ዛሬ ተቆጥረው ከ5,000 በላይ ናቸው። የፓወርፓፍ ገርልስ የካርቱን ፊልም ማጀቢያ ላይ አለ። ግሪጎሪ ኮልማን ከዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላገኘም። በ2006 አትላንታ ውስጥ ሞተ፤ ሲሞት ቤት አልነበረውም። የባንዱ መሪ ስፔንሰር እንደሚያምነው ኮልማን ድራሙ ዓለምን እንደዞረ እንኳ ሳያውቅ ነው የሞተው። ስፔንሰር ራሱ ያወቀው በ1996 ነው፤ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ የ«አሜን፣ ብራዘር» ኦሪጅናል ቴፕ እንዳለው ሲጠይቀው። እስከዚያ ድረስ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ዓይነት በሸክላው ላይ ተገንብቶ አልቆ ነበር። መክሰሻ ጊዜውም አልፎ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሌብነት ነው ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። አንድ ዘፈን ሁለት ባለቤት አለው። አንደኛው የድርሰቱ ባለቤት ነው፣ ዜማና ግጥሙን የጻፈው። ሁለተኛው የቅጂው ባለቤት ነው፣ ማለትም ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ድምፅ የእሱ የሆነው፤ በአብዛኛው አሳታሚው። ድራመሩ ሁለቱም ውስጥ የለም። ከበሮ መምታት እንደ ድርሰት አይቆጠርም፤ የቀን ሥራ ነው፣ ገብቶ ይመታል፣ ተከፍሎት ይወጣል። በዚያ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል የቅጂ መብት ሕግ የተቀዳ ድምፅን መጠበቅ የጀመረው ከየካቲት 1972 ወዲህ ለተቀዱት ነው፤ የ1969 ሸክላ ከዚያ ውጭ ነበር። ይሄ ክፍተት የተሞላው በ2018 ነው። ኮልማን ከሞተ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እሱ ብቻ ቢሆን ዕድል ነው ይባል ነበር። ክላይድ ስታብልፊልድ አለላችሁ። ኅዳር 1969 ላይ፣ በኮልማኑ ዓመት፣ ሲንሲናቲ ውስጥ ከጄምስ ብራውን ጋር «ፋንኪ ድራመር»ን ቀዳ። ስሙ ራሱ «ድራመር» ይላል! ፐብሊክ ኤነሚ ያንን ድራም ወሰዱ፣ ኤል ኤል ኩል ጄ ወሰደ፣ ከሺህ በላይ ሥራ ወሰደ። የድርሰቱ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ግን ጄምስ ብራውን ነው፤ ስታብልፊልድ ከሳምፕሉ ድርሻ አልነበረውም። ማዲሰን በምትባል ከተማ እየኖረ ሰኞ ሰኞ አንድ ክለብ ውስጥ ይጫወት ነበር። በካንሰር ታሞ የሕክምና ዕዳ ሲቆለልበት ወደ 80 ሺህ ዶላር የሚሆነውን አንድ ሰው በዝምታ ከፈለለት። ፕሪንስ ነበር። ይሄም የታወቀው ፕሪንስ ከሞተ በኋላ ነው። ስታብልፊልድ በ2017 አረፈ፤ በዚያው ባንድ ውስጥ አብሮት ድራም የሚመታውና በሊን ኮሊንስ «ቲንክ» ላይ ሌላውን ዝነኛ ብሬክ የተጫወተው ጃቦ ስታርክስ በዓመቱ ተከተለው።

ለስፔንሰር የተደረገ ነገር አለ፣ ዘግይቶ። በ2015 ሁለት የእንግሊዝ ዲጄዎች ኢንተርኔት ላይ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ከፈቱ፤ ሕዝቡ 24 ሺህ ፓውንድ አዋጣ። ያዋጡት ኮልማን ድራም ላይ ወጣትነታቸውን የጨፈሩ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ነገር ነው፣ ቼኩን ሲቀበልም አመስግኗል። ግን መዋጮ መዋጮ ነው፤ መብት አይደለም። ስፔንሰር በ2020 ሞተ።

ይሄን ሁሉ ያመጣሁት የእኛም ሸክላዎች በዚሁ ገበያ ውስጥ ስላሉ ነው። አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው በዚያው በ1969 ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀዳው የአዲስ አበባ ሙዚቃ፣ በተለይ ፈረንሳይ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» እየተባለ በተከታታይ ሲዲ ከወጣ በኋላ፣ የውጭ ዲጄዎችና ፕሮዲውሰሮች እንደ ወርቅ የሚቆፍሩት ሆኗል። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 «አስ ዊ ኤንተር»ን ሲሠሩ ከሥሩ ያስገቡት የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ነው። ኦ ኖ የሚባለው የካሊፎርኒያ ፕሮዲውሰር በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ቆራርጦ ሠርቷል፤ ስሙንም «ኢትዮፒየም» ብሎታል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የዳክታሪስ ታሪክ ነው። በ1998 ዴስኮ የሚባል የኒውዮርክ ፋንክ አሳታሚ «የሰባዎቹ የናይጄሪያ ባንድ» አስመስሎ አንድ አልበም አወጣ። ባንዱ ናይጄሪያን አያውቃትም፤ የኒውዮርክ ሙዚቀኞች ናቸው፤ አንዳንዱ ስም የተፈጠረ ነው። አልበሙ ውስጥ ግን «ሙዚቃዊ ስልት» የሚል ሥራ አለ። አዎ፣ የኛው የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»። ናይጄሪያዊ ለመምሰል አዲስ አበባን ተዋሱ ማለት ነው።

የዋልያስን «ቸ በለው» አልበም ያልሰማችሁ ካላችሁ ስሙት፤ የ1977 ሥራ ነው። ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ነው። ባንዱ በ1981 ለትርኢት አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የዊንስተንስ ከተማ። ለረጅም ዓመት ታክሲ ነዳ። ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ በ1985 ኃይሉ ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራውን ካሴት አገኘ። ስሙን ጎግል አደረገ። ስልኩን አገኘ። ደወለ።

ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ፤ አሳታሚው ገቢውን ከአርቲስቱ ጋር እኩል እንደሚካፈል ይናገራል። «ቸ በለው»ም ተከትሎ ወጣ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ አውሮፓን ዞረ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አሳተመ። እዚህ ላይ ኮልማንና ኃይሉን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሙዚቀኞች ናቸው፣ የሁለቱም ሙዚቃ ሳያውቁት በዲጄዎች እጅ ዞሯል። ኃይሉን ስልክ ደውሎ ማግኘት የተቻለው ስሙ ካሴቱ ላይ ስለነበረ ነው። ኮልማን ስሙ ተቆርጦ ድራሙ ብቻ ነው የተጓዘው። ሳምፕለሩ ውስጥ ስም አይገባም።

የአገራችን ሕግ በወረቀት ላይ ከ1969ኙ አሜሪካ ይሻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» ብሎ ድርሰቱን የጻፈውን ብቻ ሳይሆን የተጫወተውንም ያውቀዋል። በተግባር ግን፣ እስቲ ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮን ጊዜ የታየ አንድ አዲስ የአማርኛ ዘፈን ክፈቱና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ፣ ዳይሬክተር፣ አንዳንዴ ሜካፕ ሁሉ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከበሮውን የመታው፣ ማሲንቆውን የገዘገዘው ሰው ስም ስንቱ ላይ አለ? ነገ ያንን ማሲንቆ በርሊን ያለ ዲጄ ቆርጦ ቢያወጣው ማንን ጎግል ሊያደርግ ነው?

ይሄ ጥያቄ አሁን የሚያስቸኩለው አዲሱ ትውልድ ራሱ ሳምፕል ማድረግ ስለጀመረ ነው። ሚካኤል ሰይፉ፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ፣ ሁለቱም በ2014 ዲሲ ባለ ትንሽ አሳታሚ በኩል ለዲጄ በሸክላ ያወጧቸው ሥራዎች የአገር ቤት ድምፅን ከኤሌክትሮኒክ ድራም ጋር ያጋጠሙ ናቸው። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም (በኛው አቆጣጠር) «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ደግሞ ነገሩ ከጥቂት ጆሮዎች ወጥቶ አደባባይ ገባ። ከዚያ ወዲህ በላፕቶፕ ከበሮና ዋሽንት የሚቆርጥ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ችግሩ ቴክኒክም አለው፤ ቺክቺካው በስድስት ስምንተኛ ሲሄድ ብሬክቢት በአራት አራተኛ ነው፣ ዝም ብሎ ቢደራረብ ይጋጫል። የሚያገናኙበትን ቦታ ፈልጎ ያገኘ ሰው ግን ለንደንም ብሮንክስም ያልነበረ ነገር ይዞ ይወጣል።

እና አርብ ሲመጣ አዳዲሶቹን ስትሰሙ፣ ወይም የራሳችሁን ስትለቁ፣ ከዘፈኑ በታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ተመልከቱት። «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ድራሙን የመታው ተማረ ሐረጉ ነው።